ጉድፍ እና ጉዳት፦ ያልታደሰ ቮልስዋገን ስንገዛ ቦዲውን እንዴት እንመርምር?

መግቢያ

በሬ የሚገዛ ገበሬ እንዴት አድርጎ እንደሚያይ የተመለከተ ሰው ብዙ ይማራል። እኔ ባደግሁበት በመካነ ሰላም በገበያ ቀን ከብት ተራ ብትሄዱ፣ ገዢው መጀመሪያ በሬውን ዞር ዞር እያለ ያየዋል። የቀንዱ ጫፍ ቢሰበር ብዙም አያስጨንቀውም። ጫንቃው ላይ ቀንበር የላጠው ቦታ ቢያይ እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ ያረሰ በሬ ነዋ! ከዚያ ግን አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሳል፣ ትንሽ ነዳ አድርጎ አረማመዱን ይመለከታል። የሚያነክስ ከሆነ ጸጉሩ እንደ ሐር ቢያበራም ጥሎት ይሄዳል። ገበሬው ጉድፍን ከጉዳት ለይቶ ያውቃል ማለት ነው። ጉድፍ ዓይንን ያስቀይማል፤ ጉዳት ግን ሥራን ያስቆማል።

ይህ ጽሑፍ ያንኑ ዕውቀት ወደ አሮጌ መኪና ያመጣል። አንድ የሙያ ጉዳይ መርጣችሁ ምንም ለማያውቅ አንባቢ አስረዱ የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። እኔ የመረጥሁት ያልታደሰ አሮጌ ቮልስዋገን ስንገዛ በቦዲው ላይ ከምናየው እንከን የትኛው የሚናቅ፣ የትኛው የማይናቅ እንደሆነ ነው። ርዕሱን የመረጥሁት ለጨዋታ አይደለም። በጡረታ ላይ ያለ አጎቴ የዓመታት ዕቁቡን ይዞ ቮልስ ሊገዛ ተነስቶ ነበርና፣ ጥናቱ ለቤተሰባችንም የግድ ነበር። ደሴ ውስጥ ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ አንድ ባለሙያ ዘንድ ብዙ ከሰዓቶችን ተቀምጬ ጠይቄያለሁ፤ ከመጻሕፍትም አመሳክሬያለሁ።

ለምን ቮልስዋገን?

እንደሚታወቀው በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ አሮጌ መኪና ሲወራ ቶሎ የሚነሱት ጃጓር፣ ፖርሼ፣ አልፋ ሮሚዮ የመሳሰሉት የስፖርት መኪኖች ናቸው። በአገራችን ግን አሮጌ መኪና ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይን ላይ ቀድማ የምትመጣው ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነች ቮልስ ናት። በንጉሡ ዘመን ገብታ የመምህሩም፣ የሐኪሙም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም መኪና ሆናለች። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ድረስ ቱር ቱር እያለች ዳገት ስትወጣ ትታያለች።

በታሪካችን ውስጥም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ከብዙ የቅንጦት መኪኖች ባለቤትነት ወደዚያች ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር መግባታቸው ያን ዕለት ከሚያስታውሱ ምስሎች አንዱ ሆኖ ቀርቷል።

ይህች መኪና በጀርመን ምርቷ የጀመረው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። የመጨረሻዋ ደግሞ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ወጣች። በድምሩ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ይህ ቁጥር ለገዢ ጠቃሚ ነው፤ ብዙ የተመረተ መኪና ዕቃው በዓለም ላይ ፈጽሞ አይጠፋምና።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚጨምር ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ አሮጌ መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው አገር ውስጥ ያለውን መርምሮ መግዛት ነው። የመመርመር ዕውቀት ዋጋ የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው።

"ያልታደሰ" ስንል ምን ማለታችን ነው?

ያልታደሰ መኪና ማለት የተጣለ መኪና ማለት አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀለም፣ ብረት፣ መስታወትና የውስጥ ልብስ ባመዛኙ ያለበት፣ ሲበላሽ ብቻ እየተጠገነ የቆየ መኪና ነው። የታደሰ የሚባለው ደግሞ ተገፎ፣ ተቀጥቅጦ፣ እንደ አዲስ ቀለም የተቀባ ነው።

ብዙ ሰው የታደሰው ይሻላል ይላል። ጥሩ ባለሙያ በፎቶግራፍ እያስደገፈ ያደሰው ከሆነ እውነት ነው። ችግሩ ግን ለገበያ ተብሎ በጥድፊያ የተቀባ መኪናም "ታድሷል" መባሉ ነው። አዲስ ቀለም ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ይሸፍናል። ያልታደሰች መኪና ግን መደበቂያ የላትም፤ ያለባት ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል። በዓለም ላይ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ላልታደሰ መኪና ልዩ ክብር እየሰጡ የመጡት ለዚህም ጭምር ነው። በካሊፎርኒያ ፔብል ቢች በሚደረገው ስመ ጥር የአሮጌ መኪኖች ውድድር ላይ ሳይታደሱ የቆዩ መኪኖች ለብቻቸው የሚዳኙበት ምድብ አለ። የጠፋ ቀለም ይቀባል፤ የመጀመሪያው የፋብሪካ ቀለም ግን አንዴ ከተገፈፈ ተመልሶ አይመጣም።

ቆዳ፣ ሥጋ፣ አጥንት

የደሴው ባለሙያ ያስተማሩኝን በራሴ አከፋፈል ሳስቀምጠው የመኪናን ቦዲ በሦስት እከፍለዋለሁ፦ ቆዳ፣ ሥጋና አጥንት። አንድ እንከን ባየን ቁጥር መጀመሪያ የምንጠይቀው "ይሄ የትኛው ላይ ነው ያለው?" የሚለውን ነው።

1ኛ. ቆዳ (ቀለሙ)

የደበዘዘ ቀለም ጉድፍ ነው። ፀሐይ ኮፈኑንና ጣሪያውን ቀድማ ትበላለች፤ በተለይ ቀይ ቀለም ቶሎ ይነጣል። በጣት ሲያብሱት እንደ ጠመኔ ዱቄት የሚወጣ ከሆነ የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው የሞተው፤ ብዙ ጊዜ በማሸት ይመለሳል። በጠጠር መንገድ የተነዳ መኪና አፍንጫውና የኋላ ፓራፋንጎው ፊት ላይ በጠጠር የተቀጠቀጠ ነጠብጣብ አያጣም። ይህም ጉድፍ ነው፤ ዝገቱ ሳይስፋፋ ከተያዘ ገንዘብ አያስወጣም።

በቀለም ላይ የሚያስደነግጡት ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው እንደ ደረቀ ዋልካ መሬት የተሰነጣጠቀ ቀለም ነው። ይህ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ ወይም ተደራርቦ የተቀባ ቀለም መኖሩን ሊነግረን ይችላል። ሁለተኛው እንደ ውሃ ቋጠሮ ያበጠ ቀለም ነው። ይህ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚመጣ ዝገት ምልክት ነው። ከላይ የጀመረ ዝገትና ከውስጥ የመጣ ዝገት አንድ አይደሉም። ከላይ የጀመረው ይፋቃል፤ ከውስጥ የመጣው እኛ ስናየው ብረቱን በልቶ ጨርሶታል።

መኪናዋ መቼም ቀለም ተቀብታ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሠዓሊ ያልደረሰባቸውን ቦታዎች ማየት ነው። የፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ውስጡን፣ የበሩን ጠርዝ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ብረት ከውጩ ቀለም ጋር አስተያዩት። ጎማ ማሸጊያዎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ወይም ቡሎኖች ላይ የቀለም ርጭት ካለ መኪናዋ ሳትፈታ ተቀብታለች። ይሄ በራሱ ወንጀል አይደለም። ግን "ለምን ተቀባች?" ብሎ ማስጠየቅ አለበት።

2ኛ. ሥጋ (ተፈትተው የሚቀየሩ ክፍሎች)

ቮልስዋገንን ከብዙ አሮጌ መኪኖች የሚለያት ትልቅ ነገር እዚህ ጋ ነው። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በቡሎን የታሰሩ ናቸው። ሁለቱ ኮፈኖች፣ በሮቹ፣ ከበሩ ሥር ያለው መርገጫና ፓራውልቶቹም እንዲሁ ይፈታሉ። ስለዚህ ፓራፋንጎ ላይ ስርጉድ ብታዩ አትደንግጡ። ይቀጠቀጣል፣ ካልሆነም ይቀየራል። ለስለስ ብሎ የገባ ስርጉድ በቀላሉ ይመለሳል፤ እንደ ወረቀት የታጠፈ ሹል ስብራት ግን ብረቱ ስለተለጠጠ እንደ ቀድሞው ለመሆን ያስቸግራል።

በነገራችን ላይ ፓራፋንጎ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ፋንጎ ማለት ጭቃ ነው፣ ፓራፋንጎም ጭቃ መከላከያ። ኮፈን፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ሊብሬም የዚያው ቋንቋ ውላጆች ናቸው። ጋራዥ ገብቶ ዘገባ ለመሥራት የሚፈልግ ተማሪ እነዚህን ቃላት ሳይዝ ባይሄድ ይመረጣል፤ ሜካኒኩ በመጽሐፍ አማርኛ አያወራም።

ከፓራፋንጎውና ከቦዲው መካከል አንድ ቀጭን የጎማ ወይም የፕላስቲክ ክር አለ። እሱን በደንብ እዩት። ክሩም አብሮ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ፓራፋንጎው ሳይፈታ ነው የተቀባው። ክሩ ቦታ ላይ ስቱኮ ተሞልቶ ካገኛችሁ ደግሞ እዚያ ሥር የተበላ ብረት መኖሩን ጠርጥሩ። ፓራፋንጎው መቀየሩ ምንም አይደለም፤ ዋናው ነገር ፓራፋንጎው የሚታሰርበት የቦዲ ጠርዝ ጤነኛ መሆኑ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በዚችው ቮልስ ሻንሲ ላይ ካርማን ጊያ የምትባል ቆንጆ የስፖርት መኪና ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ተሠርታ ነበር። ንድፉን ያወጣው የቱሪኑ ጊያ፣ የሠራው የጀርመኑ ካርማን ነው። የካርማን ጊያ ፓራፋንጎዎች ግን ከቦዲው ጋር የተበየዱ ናቸው። አፍንጫዋም ከተለያዩ የላሜራ ቁርጥራጮች በእጅ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ዓይነት ስርጉድ በቮልስ ላይ ሲሆን ጉድፍ፣ በካርማን ጊያ አፍንጫ ላይ ሲሆን ትልቅ ወጪ ነው። እንከኑ አንድ ሆኖ ፍርዱ የሚለያየው በተሠራበት መንገድ ነው።

3ኛ. አጥንት (መኪናዋን የሚሸከመው)

አጥንት የምለው ወለሉን፣ በመሐል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን ቱቦ መሰል ሻንሲ፣ ከበሮቹ ሥር ያሉትን ባዶ የብረት ቱቦዎች፣ እንዲሁም ቦዲው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርባቸውን ቦታዎች ነው። እዚህ ላይ ያለ ዝገት ከላይ ባይታይም ዋናው ጉዳት ነው።

ሀ) ወለሉ። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የባትሪው አሲድ ሲንጠባጠብ የሚያርፈው ወለሉ ላይ ነውና ከሁሉ በፊት የሚበሰብሰው እዚያ ነው። ወንበሩን አንሱና እዩ። ምንጣፉንም ግለጡ። ምንጣፉ በሙጫ ከተጣበቀና ባለቤቱ "አይነሳም" ካለ፣ እሱም አንድ መልስ ነው።

ለ) ከበር ሥር ያሉት ቱቦዎች። የቮልስ ሞተር በውሃ ሳይሆን በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የላትም። ለተሳፋሪው ሙቀት የሚመጣው ከሞተሩ የሞቀ አየር በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ አልፎ ነው። እነዚሁ ቱቦዎች ቦዲውን ቀጥ አድርገው የሚይዙም ናቸው። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱ ብርድ አልፎ መካነ ሰላም ለሚመላለስ ሰው የተበሳ ቱቦ ሁለት ዕዳ ነው፦ ሙቀት የለም፣ ጥንካሬም የለም።

ሐ) በሮቹ እንደ ምስክር። ቱቦው ከደከመ ቦዲው መሐሉ ላይ ይረግባል፤ ይህን የሚያሳብቀው በሩ ነው። በሩን ዝጉና በዙሪያው ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ከሆነ ወይም በሩ ካልተነሣ የማይዘጋ ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። በሩን ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ አንሱት። ከተንቀጠቀጠ ማጠፊያው ነው የላላው፤ ይሄ ቀላል ነው። ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ ክፍተቱ ከተዛባ ግን ቦዲው ነው፤ ያስፈራል።

መ) የፊት ሣጥን። የቮልስ የነዳጅ ታንከር ከፊት ነው። ትርፍ ጎማውን አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን ላሜራ እዩ። የተጨማደደ፣ የተቀጠቀጠ ወይም በቅርብ የተበየደ ከሆነ መኪናዋ ፊት ለፊት ተጋጭታለች። የውጩ ፓራፋንጎ አዲስ መሆኑ ይህንን አይሽረውም።

ሠ) ክሪክ ማስገቢያው። በጎኗ በኩል ያለው ክሪክ የሚገባበት ብረት ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከጠፋ ዙሪያው ያለው ብረት ደክሟል ማለት ነው።

የአገራችን መኪኖች አንድ ዕድል አላቸው። በአውሮፓ በክረምት በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይነሰነሳል፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። እኛ ጋ ይህ የለም። የእኛ ጠላት በሰኔና በመስከረም መካከል የሚጠራቀም ጭቃ ነው። ጭቃ ከፓራፋንጎው ጀርባና ከመርገጫው ሥር ገብቶ እርጥበት ይዞ ይከርማል። ስለዚህ የእኛ አገር ቮልስ ብዙ ጊዜ ጣሪያዋ ደህና ሆኖ ታችኛው ጥጋጥግ ነው የሚያስቸግረው።

ለምርመራ ምን ይዘን እንሂድ?

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴና የምትንበረከኩበት ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔቱን ከበሩ ግርጌ፣ ከመብራቶቹ ዙሪያና ከፓራፋንጎው ጠርዝ አስጠጉት። ካልያዘ ወይም እየለቀቀ ከወደቀ ስቱኮው ወፍራም ነው። ማግኔት ግን ሁሉን አይናገርም፤ የተበላ ወለል ላይ ሌላ ላሜራ ቢበየድበት ያው ይይዛል። ስለዚህ በጣታችሁ አንኳኩ፤ ብረት ይጮኻል፣ ስቱኮ ይደነቁራል። ታች ደግሞ በካቻቢቴው ጫን በሉ፤ ከባለቤቱ ፈቃድ ጠይቃችሁ ነው ታዲያ!

ሰዓቱም ይወስናል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ በጎን ስትመጣ የቦዲው ወጣ ገባ ይታያል። ቀትር ላይ ሁሉም ቀጥ ያለ ይመስላል። የረጠበ መኪና ፈጽሞ አትመርምሩ፤ ውሃ የደበዘዘውን ያበራል፣ ጭረቱን ይሸፍናል። ታጥቦ የደረቀ መኪና ጠይቁ።

በመጨረሻም ወረቀቱ። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር መሐል ቱቦው ላይ ተቀርጿል፤ ፊት ሣጥን ውስጥም ሰሌዳ አለ። ሁለቱ እርስ በርሳቸውና ከሊብሬው ጋር መስማማት አለባቸው። ካልተስማሙ ስለ ቀለም ማውራት ትርፍ ነው።

ሁለት ቮልሶች

እስካሁን ያልነው በተግባር ምን እንደሚመስል በአጎቴ ጉዳይ ላሳይ። አጎቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማረ መምህር ነው። ደሴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ሲማር ከመምህራኑ አንዱ ቮልስ ነበራቸው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በልቡ ይዟታል። ልጆቹ "ባጃጅ ገዝተህ አታሠራም ወይ?" እያሉ ሞግተውታል። ባለቤቱ ደግሞ "ገንዘቡ አንዴ ነው የሚወጣው፤ ከጠፋ ጠፋ" አለች። እውነቷን ነው። ጡረታ ላይ ያለ ሰው ሁለተኛ ዕቁብ እስኪደርሰው አይጠብቅም። እኔን "አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፣ መጠየቅ ታውቂያለሽ" ብሎ በእረፍታችን ጊዜ አብሬው አዲስ አበባ ሄድኩ።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ነጭ ቮልስ ነው። "ጋሼ፣ ይቺ ሙሽራ ናት! ነድተው መሄድ ብቻ ነው" አለ። በእርግጥም ታበራለች። ነገር ግን የፓራፋንጎው ክር አብሮ ነጭ ተቀብቷል። የበሩ ጎማ ላይ ርጭት አለ። ማግኔቱ ከግራው በር ሥር ሁለት ስንዝር ያህል ቦታ ላይ አልይዝ አለ። ምንጣፉ በሙጫ ተጣብቋል። በሩን ስንዘጋው ከላይ ይነካል፤ ጫፉን ሳነሳው ግን ማጠፊያው አይንቀሳቀስም። ቆዳዋ አዲስ፣ አጥንቷ ያረጀ ነች ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ውሃ ሰማያዊ ናት፤ ባለቤቷ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሮጊት እናት ናቸው። ጣሪያዋ ደብዝዞ ነጥቷል። የግራው የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ጎድጓዳ ሳህን የሚያህል ስርጉድ አለ። ማግኔቱ ግን በሄድንበት ሁሉ ያዘ። በሮቿ በአንድ ጣት ይዘጋሉ። የፊት ሣጥኗ ውስጥ ያለው ቀለም ከዳሽቦርዱ ሥር ካለው ጋር አንድ ነው። የኋላ ወንበሩን ስናነሳ ከባትሪው ሥር መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አገኘን፤ መሬቱ ይታያል። ቁጥሮቹ ከሊብሬው ጋር ገጠሙ።

ደላላው አጎቴን ወደ ጎን ወስዶ "ስርጉዱንና ቀለሙን እያሳዩ ያስቀንሱ፤ እሳቸው ስለ መኪና አያውቁም" አለው። እውነትም ሴትዮዋ በስርጉዱ ያፍሩ ነበር። "ባለቤቴ ግቢ ሲያስገባ ከበሩ ምሰሶ ጋር ነው። አላምር ብላችኋለች አይደል? ቀንሼ እሰጣችኋለሁ" አሉን።

አጎቴ ትንሽ ዝም አለና "እትዬ፣ በስርጉዱስ አይቀንሱ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ የልጅ እጅ ጽሑፍ ስላላማረ ብቻ ማርክ ቀንሼ አላውቅም። መልሱ ትክክል ከሆነ ትክክል ነው። ይልቅ ወለሉ ተበስቷል፤ ይምጡና ይዩት። በያጅ ጠይቀን የሚለውን ብቻ ይቀንሱልኝ" አላቸው።

እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩት። ባትሪ ሥር ቀዳዳ መኖሩን ሰምተው አያውቁም ነበር። በያጅ ተጠርቶ ዋጋውን ተናገረ፤ ያው ተቀነሰ። ደላላው አጉረመረመ። እኔ የተጨነቅሁት በአጎቴ ገንዘብ ስለነበር መንገድ ላይ "ጋሼ፣ ርካሽ ሊሰጡዎት እኮ ነበር" አልኩት። "አብሽር፣ ያልተበላሸውን ተበላሸ ብዬ የገዛሁት መኪና አይመቸኝም" አለኝ። ስርጉዱን ዛሬም አላስቀጠቀጠውም። ወለሉ ግን ከሁሉ በፊት ተበይዷል።

ዋጋ ላይ እንዴት እናውለው?

ከዚህ በመነሳት ያገኘነውን እንከን ሁሉ በወረቀት ላይ በሦስት ረድፍ መጻፍ ይጠቅማል።

- በመጀመሪያው ረድፍ የቆዳውን ጻፉ። ይህ ገዢው ቢፈልግ የሚያሠራው፣ ባይፈልግ አብሮት የሚኖረው ነው። መኪናዋን ከመንዳት አያግድም።
- በሁለተኛው ረድፍ የሥጋውን ጻፉ። እያንዳንዱን "ይቀጠቀጣል" ወይም "ይቀየራል" ብላችሁ ለዩና ዋጋውን ከጋራዥ ጠይቁ።
- በሦስተኛው ረድፍ የአጥንቱን ጻፉ። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት የላሜራ ሠራተኛና በያጅ አይቶ ግምት ይስጥበት። የወለል ቀዳዳ በልክ ተቆርጦ ሊበየድ ይችላል። ሁለቱም የበር ሥር ቱቦዎች ከተበሉ ግን ቦዲው ከሻንሲው እስከ መነሳት የሚያደርስ ሥራ ነውና መተው ይሻላል።

የመጀመሪያው ረድፍ ረጅም፣ ሦስተኛው አጭር ከሆነ ጥሩ መኪና ነው። የመጀመሪያው ባዶ ሆኖ ሦስተኛው ከረዘመ፣ ያንን ሁሉ የሸፈነው ቀለም ዋጋውም የእናንተው ዕዳ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ይህን ሳጠና ከመኪና ውጭ የታዘብሁት ነገር አለ። እኛም በየቀኑ የምንሠራው ጉድፍን ከጉዳት መለየት ነው። አንድ ምንጭ ሲያነጋግረን ቃሉ ይደነቃቀፋል፣ ቀኑን ያምታታል፣ ልብሱም አያምር ይሆናል፤ የሚናገረው ዋና ነገር ግን ማግኔት የሚይዝ ብረት ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ በተዘጋጀ መግለጫ እያበራ ይመጣና ምንጣፉን ለመግለጥ ስንሞክር "እሱ ተጣብቋል" ይለናል። ሁለቱንም በአንድ መሣሪያ መመርመር አለብን።

ከዚህም ሌላ ያገኘነውን ጥቃቅን እንከን አግንነን የሰውን ዋጋ ማውረድ እንችላለን። የባለሥልጣንን የንግግር ስህተት ርዕስ አድርገን የበጀቱን ቀዳዳ ዘለን ስናልፍ ስርጉዱን ቆጥረን ወለሉን ረሳን ማለት ነው። አንባቢ ደግሞ በእኛ ዘገባ ላይ ተመሥርቶ ገንዘቡን፣ ድምፁን፣ አንዳንዴም ጤናውን ያስይዛል።

ማጠቃለያ

ያልታደሰ አሮጌ መኪና ሲገዛ እንከን የሌለው መፈለግ ከንቱ ነው፤ የለምና። የሚፈለገው እንከኑ የታወቀ መኪና ነው። ቀለም የደበዘዘ፣ ፓራፋንጎው የተሰረጎደ፣ ኒኬሉ የለቀቀ መኪና አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ ጥሩ ግዢ ነው። የሚያብለጨልጭ ሆኖ ክፍተቱ የተዛባ፣ ማግኔት የማይይዝ፣ ምንጣፉ የማይነሳ መኪና ግን በነፃም ቢሰጥ ወጪው ብዙ ነው። መጀመሪያ አጥንቱን፣ ቀጥሎ ሥጋውን፣ መጨረሻ ቆዳውን ተመልከቱ፤ ብዙ ገዢ የሚጎዳው ይህንን ቅደም ተከተል ገልብጦ ስለሚያይ ነው። ጉዳቱን ለሻጩም አሳዩ፤ ዋጋው በትክክለኛው ምክንያት ሲቀንስ ሁለታችሁም ምን እንደተገበያያችሁ ታውቃላችሁ።